ውጭ ያለ ዘመዳችሁ «ልጁን በጉዲፈቻ ልውሰደው» ሲል

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ሰነድ እተረጉማለሁ። የልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ ውክልና፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ። ስለ ጉዲፈቻ የሚመጡ ደንበኞቼ ብዙ ጊዜ የሚሉኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ «እህታችን አሜሪካ ናት፣ ዜግነት አግኝታለች። የወንድማችንን ልጅ ልውሰደው ብላለችና ይቺን ወደ እንግሊዝኛ መልሺልን።» እኔ ግን ቶሎ አልተረጉምም። ዋጋዬ በገጽ ነው፤ ለማይሆን ነገር የሰው ብር መብላት ደስ አይለኝም። ስለዚህ መጀመሪያ እጠይቃለሁ። እናንተም ኮፒ ቤት ከመሰለፋችሁ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ራሳችሁን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ልጁን የሚወስደው ሰው የየት አገር ፓስፖርት ነው የያዘው? ኢትዮጵያ ለውጭ ዜጋ በጉዲፈቻ ልጅ መስጠት አቁማለች። ፓርላማው ያጸደቀው ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው፤ የቤተሰብ ሕጉን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥሩ 1070/2010 ይባላል። «የጎረቤታችን ልጅ ፈረንጆች ወስደዋት የለ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ያኔ ይቻል ነበር። በፈረንጆቹ 2010 አሜሪካውያን ብቻ በአንድ ዓመት ከ2,500 በላይ የኢትዮጵያ ልጆችን ወስደዋል። በዓመቱ፣ በፈረንጆቹ 2011፣ ጉዲፈቻን የሚያየው የእኛ ሚኒስቴር በቀን ከአምስት መዝገብ በላይ አላይም አለ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከዚህ የሄደች አንዲት ልጅ አሳዳጊዎቿ ቤት ሞተች፤ ሁለቱም ተፈረደባቸው። ክልከላው በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም።

ቢጫ ካርድ፣ ማለትም ለውጭ ዜጋ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን መታወቂያ፣ የያዙ ሰዎች «እኛን አይመለከተንም» ሲሉ እሰማለሁ። ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ያሠራል። ዜግነት ግን አይደለም። በዚህ ጉዳይ የሰፈር ጠበቃም፣ የእኔንም ቃል አትመኑ። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር አስገቡ፣ መልሱንም ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ ተቀበሉ። «ሰው አለኝ፣ ይጨርስላችኋል» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን አሳዩት።

ኢትዮጵያዊ ፓስፖርቱን ያልቀየረ ሰው ግን ሌላ ነው፤ ግሪን ካርድ ቢኖረውም ኢትዮጵያዊ ነው። ክልከላው የሚመለከተው የውጭ ዜጋን ነው። ለኢትዮጵያዊ የሚሠራው አዋጅ 213/1992፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ጉዲፈቻ አድራጊው 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ባልና ሚስት ሆነው ከሆነ ከሁለቱ አንዱ 25 ከሞላው ይበቃል። ያገባ ሰው ብቻውን አያደርግም፣ የትዳር ጓደኛውን ልጅ ካልሆነ በቀር። ባለቤት የውጭ ዜጋ ከሆነ እንግዲህ ክልከላው ተመልሶ ይመጣባችኋል፤ ጠበቃ ሳታዩ መዝገብ አትክፈቱ። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ይሁን። እናትና አባት በሕይወት ካሉና ከታወቁ ሁለቱም መስማማት አለባቸው። «አባትየው ከጠፋ ቆይቷል» ማለት ብቻውን አያስኬድም፣ ፍርድ ቤት ፊት ማስረጃ ያስፈልገዋል።

የጉዲፈቻ ውሉን ፈረማችሁ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውሉ ዋጋ የለውም። ዳኛው የልጁን ጥቅም ያያል፣ የልጁን ሐሳብም ይጠይቃል። ልጁን አለባብሶ «እሺ በል» ብሎ ማምጣት የተለመደ ነው፤ እባካችሁ ተዉት። ልጆች የሚያውቁትን ነው የሚናገሩት። አንዴ ከጸደቀ ደግሞ እንደ ተራ ውል ተስማምተው የሚያፈርሱት ነገር አይደለም። ፍርድ ቤት የሚሰርዘው አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ከያዘ ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ መንገድ ካሳደገ ነው። ይህን ሳስረዳ ፊታቸው የሚለዋወጥ አሉ። «እኛ እኮ ለትምህርት ብቻ ነው ያሰብነው» ይላሉ። ለትምህርት ከሆነ የተማሪ ቪዛ አለ። ጉዲፈቻ ማለት ልጁ በሕግ የሌላ ሰው ልጅ ሆነ ማለት ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚወድቀው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው፦ ተቀባዩ አገር ይህን ጉዲፈቻ ለቪዛ ይቆጥረዋል ወይ? ከልደታ የወጣ ውሳኔ ልጁን ቦሌ ድረስ እንጂ አውሮፕላን ውስጥ አያስገባውም። ከሁሉ የሚበዛው ጥያቄ አሜሪካን የሚመለከት ስለሆነ እሱን ልዘርዝር። በዚያ ሕግ የውጭ ልጅ «ወላጅ አልባ» ተብሎ የሚገባበት አንድ መንገድ አለ፤ ማመልከቻው አይ-600 ይባላል። አመልካቹ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ እዚህ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ያላገባ ከሆነ 25 ዓመት ይጠየቃል። ቤቱንና ኑሮውን ባለሙያ ሄዶ ይገመግማል። ልጁ ደግሞ ማመልከቻው ሲገባ ከ16 ዓመት በታች መሆን አለበት። እናትና አባቱ አብረውት ያሉ ልጅ «ወላጅ አልባ» አይባልም። አንድ ወላጅ ብቻ ከቀረ፣ ያ ወላጅ በአገሩ ደረጃ ማሳደግ እንደማይችል ታይቶ ልጁን ላይመለስ በጽሑፍ መልቀቅ አለበት። ስለዚህ ሁለቱም ወላጆቹ ደህና ሆነው ሽሮሜዳ የሚኖሩ ልጅ፣ አክስቱ የቱንም ያህል ብትወደው በዚህ በር አያልፍም።

ሁለተኛው መንገድ የቤተሰብ ማመልከቻ ነው፣ አይ-130። ግሪን ካርድ ያለውም ሊያስገባ ይችላል። ግን ጉዲፈቻው ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው የተፈጸመ መሆን አለበት፤ አሳዳጊው ደግሞ ሁለት ዓመት በሕግ ኃላፊነት ወስዶ፣ ሁለት ዓመት ከልጁ ጋር አንድ ቤት ኖሮ መሆን አለበት። ልብ በሉ፣ በየወሩ ብር መላክ አብሮ መኖር አይደለም። እህታችሁ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ እየሠራች ልጁ ጨርቆስ ካለ ሁለቱ ዓመት መቼ ይሞላል? ሥራዋን ትታ እዚህ ብትመጣ ደግሞ ግሪን ካርዷ አደጋ ላይ ይወድቃል። ይህን ስነግራቸው ዝም የሚሉ ብዙ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚወስኑት የራሳቸው ነው።

«ኢትዮጵያ ካልሆነ ጎረቤት አገር እንሞክራ» የሚሉም አሉ። ኡጋንዳ በፈረንጆቹ 2016 ባወጣችው ሕግ የውጭ ዜጋው አንድ ዓመት እዚያ እንዲኖርና ልጁን በክትትል ሥር አንድ ዓመት እንዲያሳድግ ትጠይቃለች። ኬንያ በፈረንጆቹ 2014 ለውጭ ዜጎች አግዳለች። ቻይና እንኳ፣ ስንቱን ልጅ ስትሰጥ የነበረች አገር፣ በፈረንጆቹ 2024 አቁማለች። ዘመኑ እየጠበበ ነው የሚሄደው።

እዚህ ደርሳችሁ ሁለቱም ጥያቄ ካለፈላችሁ ወደ እኔ ሥራ እንምጣ። ዋናው ጣጣ ዓመተ ምሕረት ነው። በ2005 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ በ2012 ወይም በ2013 ነው የተወለደው። አንዱ ተርጓሚ ቁጥሩን ሳይቀይር 2005 ብሎ ካሳለፈው ልጁ በወረቀት ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል፤ የ16 ዓመቱን መስመር ያልፍና ጉዳዩ ያበቃል። ቀኑን ከጳጉሜን ጋር አስልቶ የሚቀይር ሰው ፈልጉ። ጨርሶ ሲሰጣችሁም እዚያው ቆማችሁ አንብቡት።

ስምም እንዲሁ። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ ልጁ ዮናስ፣ አባቱ ከበደ፣ አያቱ ታደሰ ነው። የውጭ ፎርም የመጨረሻውን ስም ሲጠይቅ አንዱ ከበደ፣ ሌላው ታደሰ ይሞላል። በላቲን ፊደል አጻጻፉም በየወረቀቱ ይለያያል። ፓስፖርት ካለ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ያዙና ሁሉም ወረቀት እሱን ይከተል። የልደት ሰርተፍኬት ከወረዳው ወሳኝ ኩነት ይውጣ፤ የክርስትና ካርድ ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። ውክልና ከውጭ የሚመጣ ከሆነ እዚያ ያለው ኤምባሲያችን ያረጋግጠው፣ እዚህ ሲደርስ ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ውሰዱት። ያለዚያ ውልና ማስረጃ አይቀበለውም።

ከ2010 ዓ.ም. በፊት የሄዱ ልጆች ደግሞ አሁን አድገው እየመጡ ነው። በቀደም አንዲት ወጣት በአስተርጓሚ ገብታ «እናቴን ልፈልግ» አለችኝ። ጉዲፈቻዋ አልፈረሰም፣ ክልከላው ወደ ኋላ አይሄድም። በቤተሰብ ሕጉ ከወለዳት ቤተሰብ ጋር ያላት ዝምድናም አልተቋረጠም። እንደ እሷ ላላችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ዘመድ ለምትጠብቁ፦ አሳዳጊ ወላጆች እጅ ካለው የውሳኔ ግልባጭ ላይ የመዝገብ ቁጥሩን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከላይ ጥግ ላይ ነው። ቁጥሩን ይዛችሁ ውሳኔውን ወደሰጠው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሂዱና ግልባጭ በማመልከቻ ጠይቁ። ልጁን የሰጠው ሰው ስምና ወረዳ እዚያ ይገኛል። ወረዳው ስሙ ወይም ቁጥሩ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል የድሮውን ቀበሌ የሚያውቅ ሽማግሌ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል።