ወፍ ዋሻ ላይ ወፍና የዱር እንስሳ እንዴት ይታያል?

ጫካ ገብቶ «ምንም የለም» ብሎ የሚወጣው ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ መቆም አቅቶት ነው። ከአንኮበር እስከ ጣርማ በር ገደሉን ታኮ የተኛው ወፍ ዋሻ እንደ ከፋ የዝናብ ደን አይደለም፤ የደጋ የጽድና የዝግባ ጫካ ነው። ለቸኮለ ሰው ግን እንደ ማንኛውም ጫካ ፊቱን ያዞራል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ሂዱ፤ መንገዱም ይደርቃል፣ ሰማዩም ይጠራል። የሰሜን ሸዋን ውርጭ አትናቁ፤ ጋቢ ያዙ። ነጭ ጋቢ ከሩቅ ያሳብቃልና ከላዩ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ልብስ ደርቡ። ቢኖኩላርም አትርሱ።

ደብረ ብርሃን ካደራችሁ ጎህ ሳይቀድ ተነሡ፤ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። እዚያ ከአካባቢው ሰው መሪ ያዙ። ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ጉሬዛ የት እንደሚያድር ከማንም በላይ ያውቃል።

ጫካው ውስጥ አንድ ጥግ ይዛችሁ 20 ደቂቃ ዝም በሉ። መጀመሪያ የሚሠራው ጆሮ ነው። ጉሬዛ ጎህ ሲቀድ ያጓራል፤ ድምፁን ተከትላችሁ የረጃጅም ዛፎችን ጫፍ ቃኙ። ቅጠል በል ስለሆነ ሆዱ እስኪፈጭለት ፀሐይ እየሞቀ ብዙ ይቀመጣል። ነጭ ጭራው ተንጠልጥሎ ያጋልጠዋል።

ቱራኮ የሚባለው ወፍ ይበልጥ ያታልላል። አረንጓዴ ነውና ቅርንጫፍ ላይ እየሮጠ እንኳ ከቅጠሉ አይለይም። ሲበር ግን ክንፉ ቀይ ሆኖ ቦግ ይላል፤ የቀዩ ቀለም ምንጭ መዳብ ያለበት ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ ቅጠል ቅጠሉን ከማፍጠጥ በዛፍና በዛፍ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ጠብቁ። ድምፁን በስልክ እያጫወቱ መጥራት ግን ይቅር፤ ባላንጣ የመጣበት መስሎት ጎጆውን ትቶ ይወጣል።

ረፋዱ ላይ ወደ ገደሉ አፋፍ ውጡ። ገደል ላይ ያደረው ጭላዳ ሜዳው ላይ ሣር ሲነጭ ታገኙታላችሁ። ዳቦ አትወርውሩለት።

እዚያው መሬት ለመሬት ፍሬ የሚለቅም ቡናማ ዝንጉርጉር ትንሽ ወፍ ካያችሁ ድንቢጥ ነው ብላችሁ አትለፉ። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ፣ ሳይንስ በ1979 እ.ኤ.አ. በአንኮበር ስም የሰየመው ወፍ ሊሆን ይችላል። ቁጭ ብላችሁ፣ ቢኖኩላሩን ቀስ ብላችሁ አንሡ፤ ከደነገጠ ገደሉን ቁልቁል ነው።