የፒኤችፒ ፕሮጀክትን ራሳቸውን በቻሉ ሞጁሎች ማደራጀት

ኮንትሮለሮች በአንድ ፎልደር፣ ሞዴሎች በሌላ፣ ቴምፕሌቶች በሦስተኛ ተቀምጠው ባደገ ፕሮጀክት ውስጥ አንዲት «ትዕዛዝ ሰርዝ» የምትል ቁልፍ ለመጨመር አራት ቦታ መዞር የተለመደ ነው። ፎልደሮቹን «ትዕዛዝ»፣ «ክፍያ»፣ «ምርት» ብሎ እንደ አዲስ መደልደል ዙሩን ይቀንሳል፤ ሞጁል ግን ገና አልሆኑም። ሞጁል የሚሆኑት ሌላው ኮድ ሊነካው የሚችለውና የማይችለው ሲለይ፣ የዳታቤዝ ሠንጠረዦቻቸውም የራሳቸው ብቻ ሲሆኑ ነው።

ከየት ይጀመር?

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትበትኑ። የጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢ መሣሪያ) ታሪኩን አገላብጡ፤ በአንድ ኮሚት (አብሮ በተመዘገበ የለውጥ ጥቅል) ደጋግመው አብረው የሚቀየሩ ፋይሎች የአንድ ሞጁል ሰዎች ናቸው። ከዚያ በሌላው ላይ እምብዛም የማይደገፈውን ክፍል አስቀድማችሁ አውጡ። ኢሜይልና አጭር መልእክት የሚልከው ክፍል ብዙ ጊዜ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሌሎች ይጠሩታል እንጂ እሱ ማንንም አይጠራም።

እያንዳንዱ ሞጁል ሁለት ዋና ፎልደር ይኑረው፦ «ውል» እና «ውስጥ»። በውል ውስጥ ሌሎች የሚጠቀሙባቸው ኢንተርፌሶች፣ መረጃ ተሸካሚ ክላሶችና ኢቨንቶች ብቻ ይቀመጣሉ። የቀረው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ራውት፣ ማይግሬሽን፣ ቴምፕሌትና ቴስትም እዚያው ሞጁሉ ሥር ይሁኑ። (ፒኤችፒ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የክላስ ስም ይቀበላል፤ ቢሆንም በኮዱ ላይ ስሞቹን በላቲን ፊደል ብትጽፉ ይሻላል።)

የፒኤችፒ ጥቅል አስተዳዳሪ የሆነውን ኮምፖዘርን ለማሳወቅ አንድ መስመር ይበቃል፦ በማዋቀሪያ ፋይሉ አውቶሎድ ክፍል፣ በፒኤስአር-4 (ኔምስፔስን ከፎልደር ጋር በሚያዛምደው ደንብ) ሥር፣ የሞጁሎቹ የጋራ ኔምስፔስ ወደ ሞጁሎቹ ፎልደር እንዲያመለክት አድርጉ። ኔምስፔሱ በባክስላሽ መጨረስ አለበት፤ ፋይሉ ጄሰን ስለሆነ ባክስላሹ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ቀጥሎ የዳምፕ አውቶሎድ ትእዛዝ ይሂድ። በራሳችሁ ኮምፒውተር የሚሠራው ኮድ ሰርቨር ላይ «ክላስ አልተገኘም» ካለ መጀመሪያ ትልቅና ትንሽ ፊደሉን ተመልከቱ። ዊንዶውስና ማክ በተለመደው አቀማመጣቸው አይለዩትም፤ ሊኑክስ ይለየዋል። በፋይል ስም ላይ የፊደል መጠን ብቻ ሲቀየር ጊትም ሳያስተውል ሊያልፈው ስለሚችል ስሙን በራሱ በጊት የማዘዋወሪያ ትእዛዝ ቀይሩት።

በየሞጁሉ አንድ መዝጋቢ ክላስ ይጻፍ፤ ዋናው አፕሊኬሽን የሚያውቀው የእነዚህን መዝጋቢዎች ዝርዝር ብቻ ነው። ምዝገባው በሁለት ዙር ይካሄዳል። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ሞጁሎች ኢንተርፌሶቻቸውን ከክላሶቻቸው ጋር በኮንቴይነሩ (ኢንተርፌስ ሲጠየቅ ተገቢውን ክላስ በሚያቀርበው ክፍል) ላይ ያያይዛሉ፤ በሁለተኛው ራውትና ኢቨንት አድማጮችን ያስገባሉ። ላራቬል የተባለው የፒኤችፒ ፍሬምወርክም ሰርቪስ ፕሮቫይደሮችን (የራሱን መዝጋቢዎች) የሚያስነሳው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ዙሮቹ ከተቀላቀሉ አንዱ ሞጁል ገና ያልተመዘገበውን ሌላ ይጠራና ይወድቃል፤ የዝርዝሩን ቅደም ተከተል ስትቀያይሩ ደግሞ ችግሩ «ይጠፋል»፣ መንስኤው ግን እዚያው አለ።

ዳታቤዙ ላይ ነው ፈተናው

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ኮዱ በሚገባ ተከፋፍሎ ሳለ የክፍያ ሞጁል የትዕዛዝን ሠንጠረዥ በጆይን (ሠንጠረዦችን በሚያጣምር ጥያቄ) ካነበበ፣ ትዕዛዝ አንድ ዓምድ በቀየረ ቁጥር ክፍያ ይሰበራል። የኦአርኤም (የዳታቤዝ ረድፎችን እንደ ኦብጀክት የሚያቀርብ መሣሪያ) ሞዴልን በውሉ በኩል አሳልፎ መስጠትም ያው ነው፤ ተቀባዩ በሞዴሉ ዝምድናዎች ተንጠላጥሎ ወደፈለገው ሠንጠረዥ ይደርሳል። በምትኩ የሚያስፈልጉትን መስኮች ብቻ የያዘ፣ የማይለወጥ ትንሽ ክላስ ስጡ። ከፒኤችፒ 8.2 ጀምሮ ክላሱን በሙሉ «ሪድኦንሊ» ማለት ይቻላል።

ጆይን ሲቀር ሌላ ችግር ይመጣል፦ 50 ትዕዛዞችን የሚዘረዝር ገጽ የምርት ስም ለማግኘት 50 ጊዜ ዳታቤዙን ይጠይቃል። ስለዚህ የምርት ውል አንድ መለያ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የመለያ ቁጥሮች ዝርዝር ተቀብሎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚመልስ ሜተድ ይኑረው።

በሞጁሎች መካከል ፎሪን ኪይ (የአንዱ ሠንጠረዥ ረድፍ በሌላው ውስጥ ያለ ረድፍን እንዲያመለክት ዳታቤዙ የሚያስገድድበት ትስስር) ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለው ያከራክራል። ዳታቤዙ አንድ ከሆነና የመለያየት ዕቅድ ከሌለ፣ ገንዘብ በሚነካው ቦታ ላይ ብታቆዩት ይሻላል። የተገኘውን ዋስትና ለንድፍ ንጽሕና ሲባል መጣል አያዋጣም።

ትዕዛዝ ክፍያን፣ ክፍያ መልሶ ትዕዛዝን ሲጠራ ክቡ የሚፈታው በኢቨንት ነው። ክፍያ «ክፍያ ተፈጸመ» የሚል ኢቨንት በራሱ ውል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ትዕዛዝ ያደምጣል። ኢቨንቱ የሚላከው ትራንዛክሽኑ (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ የዳታቤዝ ለውጦች) ኮሚት ከተደረገ፣ ማለትም ከጸደቀ በኋላ ይሁን። ቀድሞ ከተላከ ትራንዛክሽኑ ሊሰረዝ ይችላል፤ «ክፍያዎ ደርሶናል» የሚለው ኢሜይል ግን አንዴ ከሄደ አይመለስም።

ፒኤችፒ አንድን ክላስ ለገዛ ኔምስፔሱ ብቻ የሚገድብ ቁልፍ ቃል የለውም፤ «ውስጥ» ያላችሁትን ማንም ሊጠራው ይችላል። ስለዚህ ዴፕትራክን የመሰለ፣ የትኛው ኮድ የትኛውን እንደሚጠራ የሚፈትሽ መሣሪያ ኮድ በተላከ ቁጥር እንዲሮጥ አድርጉ፤ የሌላ ሞጁል «ውስጥ» የተጠራበት ኮድ አይለፍ። ነባር ጥሰቶች ብዙ ከሆኑ በመነሻ ዝርዝር መዝግባችሁ አዲስ እንዳይጨመር ከልክሉ፤ አሮጌዎቹን ቀስ በቀስ አጽዱ።

«የጋራ» የሚል ሞጁል ስትከፍቱ ግን ተጠንቀቁ። ገንዘብና ቀንን የመሳሰሉ ትናንሽ ክላሶች ይግቡበት፤ የንግድ ሕግ መግባት ከጀመረ ሁሉም ሞጁል ስለሚደገፍበት እሱን መንካት ሁሉንም መንካት ይሆናል።