ወተት ሲቀንስ ወደ ፋጉሎ ብቻ አትሩጡ

ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ አካባቢ ላም ለምታልቡ፦ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) 30 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ግሩም መኖ ነው። ነገር ግን በላሟ ጨጓራ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ፕሮቲኑን የሚጠቀሙበት እንደ ፉርሽካና በቆሎ ያለ ኃይል ሰጪ መኖ አብሮት ሲገኝ ነው። ካልተገኘ ፕሮቲኑ አሞኒያ ይሆናል፣ ጉበቷ ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል፣ በሽንት ይፈስሳል። በዛሬ የፋጉሎ ዋጋ!

ገለባና የማሽላ አገዳ ብቻ የምትበላ ላም ደግሞ ችግሯ ሌላ ነው። የገለባ ፕሮቲን 4 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ተሕዋስያኑ ምግብ ያጥራቸዋል፣ ገለባው ቶሎ አይፈጭም፣ ሆዷ ሞልቶ ሳለ ትከሳለች።

እኔ የምመርጠው አንድ እጅ ፋጉሎ ከሁለት እጅ የስንዴ ፉርሽካ ጋር፣ ላዩ ላይ ጥቂት የተፈጨ በቆሎና ጨው ነው። ለአንድ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ገደማ ቅልቅል መነሻ ይሆናል። በቆሎውን ግን አታብዙት፤ ጨጓራዋን አሲድ ያደርገዋል። የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት የምትገዙ ደግሞ ሦስት አራተኛው ውኃ መሆኑን አስቡና ዋጋ ተከራከሩ። አዲስ መኖ ስትጀምሩ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ጨምሩ።