የዱፕሌክስ አለመጣጣምና የፍሰት ቁጥጥር በስዊች ላይ፦ አፈላለጉና አስተካከሉ

ፒንግ (ግንኙነት መኖሩን የሚፈትሽ አጭር መልእክት) ይሠራል፣ የፖርቱ መብራት አረንጓዴ ነው፣ ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ግን መስመሩ ይንቀራፈፋል። እንዲህ ሲሆን ኬብል ከመቀየር በፊት የሁለቱን ጫፎች ዱፕሌክስ እዩ፤ ሃፍ ማለት በተራ፣ ፉል ማለት በአንድ ጊዜ መላክና መቀበል ነው።

ሃፍ ዱፕሌክስ ላይ ያለ ፖርት መስመሩ ጸጥ ሲል ብቻ ይልካል። እየላከ ሌላ ከመጣበት ኮሊዥን (ግጭት) ነው ብሎ ፍሬሙን (የሚልከውን የዳታ እሽግ) ያቋርጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ይደግማል፤ 16 ጊዜ ሞክሮ ካልተሳካለት ይጥለዋል። ፉል ዱፕሌክስ ላይ ያለው ግን ማንንም ሳይጠብቅ ይልካል። ሁለቱ በአንድ ኬብል ሲገናኙ አንዱ በየጊዜው ያቋርጣል፣ ሌላው የተቆረጠ ፍሬም ይደርሰዋል። ፒንግ የሚያልፈው ትንሽና አልፎ አልፎ የሚላክ ስለሆነ ነው። ፋይል ሲገለበጥ ግን ዳታውና የመድረሻ ማረጋገጫው በአንድ ጊዜ ወዲህና ወዲያ ስለሚሄዱ ግጭቱ አያባራም።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው ጫፍ በእጅ 100 ፉል (100 ሜጋቢት፣ ፉል ዱፕሌክስ) ተደርጎ ሌላው ኦቶ (ከጎረቤቱ ጋር ተደራድሮ ራሱ የሚመርጥበት) ላይ መቅረቱ ነው። በእጅ የተቆለፈው ፖርት የድርድር ምልክት አይልክም። ኦቶ ያለው ፍጥነቱን ከሲግናሉ ይለያል፤ ዱፕሌክስ ግን ከሲግናል አይታወቅም፤ ስለዚህ ስታንዳርዱ እንደሚያዘው ሃፍ ይሆናል። ዕቃው አልተበላሸም፣ የታዘዘውን ነው ያደረገው።

ለማረጋገጥ በሲስኮ ስዊች ላይ ‹ሾው ኢንተርፌስስ ስታተስ› (show interfaces status) በሉና የዱፕሌክሱን ዓምድ እዩ፤ ‹ኤ-ሃፍ› (a-half፣ በኦቶ ሃፍ የሆነ) የሚል ካለ ተጠርጣሪው እሱ ነው። የስሕተት ቆጣሪዎቹን ወደ ዜሮ መልሱ፣ ትልቅ ፋይል ገልብጡ፣ እንደገና እዩ። በሃፉ በኩል ሌት ኮሊዥን፣ በፉሉ በኩል ሲአርሲ ኤረር (ተበላሽቶ የደረሰ ፍሬም) እና ራንት (ከልክ በታች ያጠረ ፍሬም) ከጨመሩ ጉዳዩ አለቀ። ተራ ኮሊዥን በሃፍ ላይ ጤነኛ ነው። ሌት ኮሊዥን ግን ከመጀመሪያዎቹ 64 ባይት በኋላ የሚመጣ ግጭት ነው፤ ኬብሉ ከ100 ሜትር ካላለፈ በቀር ሌላ ምክንያት እምብዛም የለውም። ሌት ኮሊዥን ሳይኖር ሲአርሲ ብቻ የሚቆጥር ከሆነ ወደ ኬብሉና ወደ ማገናኛው ዙሩ።

መፍትሔው ሁለቱንም ጫፍ ኦቶ ማድረግ ነው። በዊንዶውስ የኔትወርክ ካርዱ ‹አድቫንስድ› ገጽ ላይ ‹ስፒድ ኤንድ ዱፕሌክስ› የሚለውን ወደ ኦቶ መልሱ። አሮጌ ዕቃ ሆኖ ኦቶ የማያውቅ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ቆልፉ፤ አንዱን ብቻ ፈጽሞ አትቆልፉ። በመዳብ ኬብል ጊጋቢት ላይ ኦቶ ግዴታ ነው፣ ምክንያቱም የትኛው ጫፍ ሰዓቱን እንደሚመራ የሚወሰነው በድርድሩ ነው። ከሩቅ የምትሠሩ ከሆነ መጀመሪያ የሩቁን ጫፍ ቀይሩ፤ ቅርቡን ካስቀደማችሁ መስመሩ ሊቋረጥና ልትደርሱበት ላትችሉ ትችላላችሁ። ፖርቱ ወርዶ ሲነሣ በነባሩ ስፓኒንግ ትሪ (ዳታ በስዊቾች መካከል እየዞረ እንዳይቀር የሚከላከል ዘዴ) 30 ሰከንድ ያህል ዝም ይላል፤ በዚህ መሀል ምንም አትነካኩ።

ሁለቱም ኦቶ ሆነው ፍጥነቱ 1000 ሜጋቢት (ጊጋቢት) መሆን ሲገባው 100 ላይ ከቆመ፣ 4፣ 5፣ 7 እና 8 ቁጥር ሽቦዎችን ፈትሹ። 100 ሜጋቢት በ1፣ 2፣ 3 እና 6 ብቻ ይሠራል፤ ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል።

የፍሰት ቁጥጥር ሌላ ነገር ነው። ባፈሩ (ዳታ የሚያቆይበት ጊዜያዊ ማከማቻ) የሞላበት ፖርት ለጎረቤቱ የፖዝ ፍሬም ይልካል፦ ለዚህን ያህል ጊዜ አትላክ ይለዋል። አንዱ መለኪያ የ512 ቢት ጊዜ ነው፤ ትልቁ ቁጥር 65,535 ሲሆን በጊጋቢት ላይ 33.5 ሚሊሰከንድ ያህል ያስቆማል። ዜሮ ከተላከ ቀጥል ማለት ነው። ይህ የሚሠራው በፉል ዱፕሌክስ ብቻ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ፖዝ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ማስቆሙ ነው። ሰርቨሩ በ100 ሜጋቢት ላይ ላለ አንድ ዘገምተኛ ኮምፒውተር ሲልክ ስዊቹ ሰርቨሩን ካስቆመው፣ ከዚያው ሰርቨር የሚጠብቁት ሌሎቹ ሁሉ አብረው ይቆማሉ። ቲሲፒ (ዳታው መድረሱን የሚከታተለው የአላላክ ደንብ) ፓኬት ሲጠፋ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ በቢሮ ኔትወርክ፣ በተለይ የስልክ ድምፅ በሚያልፍበት፣ ፖዝን ማጥፋት ይሻላል። ለአይስካዚ ስቶሬጅ (በኔትወርክ በኩል ለሚያገለግል የዲስክ ማከማቻ) ግን የዕቃው አምራች አብሩት ካለ፣ ከሰርቨሩ እስከ ስቶሬጁ ባሉት ፖርቶች ሁሉ አብሩት።

በሊኑክስ ‹ኢትቱል› ከ‹-ኤ› ጋር (ethtool -a) ፖዝ መብራት አለመብራቱን ያሳያል። ኔትወርኩ ሁሉ በድንገት ከደረቀ፣ በስዊቹ ላይ የገባ ፖዝ ቆጣሪው ሳያቋርጥ የሚሮጥበትን ፖርት ፈልጉ። ሃንግ ያደረገ (ቀጥ ብሎ የቀረ) ኮምፒውተር የኔትወርክ ካርዱ ያለማቋረጥ ፖዝ ሊልክ ይችላል፤ ያንን ኬብል ንቀሉት።