ጣርማበር ጉም ውስጥ በፊልም ካሜራ ለምታነሱ

ጣርማበር ላይ ጉም ውስጥ ያነሳችሁት ፎቶ ታጥቦ ሲመጣ አመድ መስሎ አስቸግሯችኋል? ፊልሙ 200 ከሆነ የካሜራውን አይኤስኦ (ፊልሙ ለብርሃን ምን ያህል ስሱ እንደሆነ የሚነግረውን ቁጥር) 100 ላይ አድርጉት። በቃ።

የድሮ ካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ነጩን ጉም ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ይቆጥባል። 100 ስታደርጉት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። እንደ ኮዳክ ጎልድ ያለ የከለር ኔጋቲቭ (ተራው የከለር ፊልም) ደግሞ ብርሃን ቢበዛበት ችሎ ያሳልፋል፤ ሲያንሰው ነው የሚያኮርፈው።

ስላይድ ፊልም (በፕሮጀክተር የሚታየው) ግን እንዲህ አይምርም፤ ለሱ በግማሽ ስቶፕ ጀምሩ (ከ200 ወደ 100 መውረድ አንድ ሙሉ ስቶፕ ነው)። ደግሞ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጉሙ ሲገፈፍ ወደ 200 መልሱት (እኔ ስንቴ ረስቻለሁ!)። አይኤስኦውን ከፊልሙ ቆርቆሮ ላይ ራሱ በሚያነብ ካሜራ ይህ ዘዴ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም።