«ዲስክ አለብህ» የተባለ ሰው ወገቡን እንዴት ይረዳው?

«ዲስክ አለብህ ተባልኩ» እያለ ፊቱ ጠቁሮ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ዲስክ እኮ የበሽታ ስም አይደለም። በአከርካሪ አጥንቶቻችን መሃል ሁላችንም አለን፣ ያውም 23።

እስቲ በእጃችሁ እንጀምር። አንገታችሁን ደፋ አድርጉና ከሥሩ ጎላ ብሎ የሚወጣውን አጥንት ዳስሱ። ብዙ ጊዜ እሱ ሰባተኛው፣ የመጨረሻው የአንገት አጥንት ነው። ከሱ በታች የጎድን አጥንት የተያያዘባቸው 12 አሉ፣ ከዚያ 5 የወገብ። አሁን እጃችሁን የዳሌ አጥንታችሁ ጫፍ ላይ ጫኑና አውራ ጣቶቻችሁን በጀርባ በኩል አገናኙ። አራተኛው የወገብ አጥንት እዚያ አካባቢ ነው፤ የዲስክ ጣጣ የሚበዛውም ከሱ በታች ባሉት ሁለት ዲስኮች ላይ ነው፣ ሸክሙም መታጠፉም እዚያ ስለሚበረታ።

ዲስክ በሁለት አጥንት መሃል ያለ ትራስ ነው። መኪና የሚያውቅ ጎሚኒ ያስብ፤ ልዩነቱ የዲስክ ውጪው ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ መሆኑ ነው። «ተንሸራተተ» የሚሉትን ቃል እኔ አልወደውም። ከላይም ከታችም ካለው አጥንት ጋር ተጣብቆ የተያዘ ነገር እንደ ሳሙና አያመልጥም። የውጪው ሽፋን ሲሳሳ ወደ ኋላ ገፋ ይላል፣ ሲቀደድ ደግሞ የውስጡ ይወጣል፤ ነርቭ ካገኘ ሕመሙ ከመቀመጫ ተነስቶ በጭን ጀርባ አድርጎ ከጉልበት በታች ይወርዳል፣ እግር ይነዝራል፣ ይደነዝዛል። እንዲያም ሆኖ ብዙው ሰው ያለ ኦፕራሲዮን በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል።

የኤምአርአይ ወረቀቱን ብቻውን አታንብቡት። ምንም ከማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች እንኳ ከ10 ሦስቱ ገደማ ገፋ ያለ ዲስክ ይገኝባቸዋል፣ በ80 ዓመት ከ10 ስምንቱ። ወረቀቱ ግራ እያለ የሚያማችሁ ቀኝ ከሆነ ሐኪሙን ጠይቁት፣ አትፈሩ።

ትንሽ ሲሄዱ እግራቸው ዝሎ ቁጭ የሚሉ፣ ጎንበስ ሲሉ ቀለል የሚላቸው አዛውንቶች ጉዳይ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የነርቭ መተላለፊያው ጠቦ ይሆናል። 20 ሊትር ጀሪካን አንስቶ «ወገቤን ቀጨም አደረገኝ» ያለው ጎልማሳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩም ነርቩም ደህና ነው። ሳምንት ሙሉ አይተኛ፣ በቻለው መጠን ወዲያ ወዲህ ይበል።

መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ እግር እየሰነፈ ከሄደ ግን ነገ አትበሉ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ግቡ። የማይለቅ የጀርባ ሕመም ከሌሊት ላብ፣ ከትኩሳትና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ተመርመሩ። ይሄ ሳይጣራ ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ አትታሹ፤ ቲቢ የበላው አጥንት ሲጫኑት ይደረመሳል።