ንግዳችሁ ድንገት ሲመታ መጀመሪያ ለማን ትደውላላችሁ?

ባለፉት ዓመታት የከተማ ነጋዴ ያላየው ነገር የለም። መጋቢት 2012 ኮሮና ገባና ሆቴሉም ምግብ ቤቱም ጭር አለ። መስከረም 2013 የብር ኖት ተቀየረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ዕቃውን በድሮው ዋጋ ሸጦ ሊተካ የሄደ ሰው በዚያው ብር ከግማሽ ብዙም ያልበለጠ ይዞ ተመለሰ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ፣ መርካቶ ሸማ ተራ በእሳት ተያያዘ። በዚህ ላይ ለመንገድና ለኮሪደር ልማት ተብሎ ሱቅ ልቀቁ የተባሉትን ጨምሩበት።

ይህን ሁሉ ሳይ አንድ ነገር ደጋግሜ አስተዋልኩ። ተመሳሳይ ጉዳት ከደረሰባቸው ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ በዓመቱ ተነስቶ ታዩታላችሁ፣ ሌላው ስልኩን አጥፍቶ ሰፈር ይቀይራል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የተረፈው ብር መጠን አይደለም። የተነሳው ሰው ቀድሞ ተናግሯል። ለአበዳሪው፣ ለእቁቡ፣ ለቤቱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለንግድም ይሠራል። ስለዚህ የምጽፈው በዋናነት ማንን፣ መቼ፣ ምን ብላችሁ እንደምታናግሩ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የመጀመሪያው ሌሊት አለ። በዚያ ሌሊት ምንም አትወስኑ። መኪናውን ለደላላ አትስጡ፣ ቤቱን አታስይዙ፣ በተለይ ደግሞ አራጣ አበዳሪ ጋ አትሂዱ። አራጣ ማበደር በሕግ ወንጀል ነው፣ ግን ተበዳሪው ፊርማውን ካኖረ በኋላ ይህን ማረጋገጥ ጣር ነው። የደነገጠ ሰው የሚፈርመውን አያነብም።

ጉዳቱ እሳት ከሆነ ጥቂት ነገር ቶሎ መደረግ አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ቁጥሩ 939 ነው፣ ስልካችሁ ላይ ይቀመጥ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ፍርስራሹን ከመጥረጋችሁ በፊት ፎቶና ቪዲዮ አንሱ፤ የተቃጠለው ጥቅል ጨርቅ፣ ግማሹ የቀረው ካርቶን፣ የቀለጠው መደርደሪያ ሁሉ ማስረጃ ነው። ከፖሊስ የጽሑፍ ማስረጃ ጠይቁ። መድን ካላችሁ በስልክ አትብቃቁ፤ ደብዳቤ ጻፉና ቅጂው ላይ «ደርሶናል» የሚል ማህተም አስመቱ።

መድን ላይ ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚጎዳበት ነገር አለ። ሱቃችሁ ውስጥ የ4 ሚሊዮን ብር ዕቃ እያለ አረቦን፣ ማለትም ለመድኑ የምትከፍሉትን፣ ለመቀነስ ብላችሁ 2 ሚሊዮን ብር ነው ብላችሁ አስገብታችኋል እንበል። የ1 ሚሊዮን ብር ዕቃ ቢቃጠል ሙሉውን አትጠብቁ። ግማሹን ነው ያስገባችሁት፣ የሚከፈላችሁም ግማሹ፣ 500 ሺህ ብር ገደማ ነው። ዋጋ በጨመረ ቁጥር የመድኑ መጠን ካልተስተካከለ ሳታስቡት እዚህ ውስጥ ትገባላችሁ። ዕቃችሁ በምንዛሪው የተነሳ ዋጋው እጥፍ ሆኖ ውላችሁ የድሮው ከሆነ፣ ነገ ሄዳችሁ አስተካክሉት።

በማግስቱ ተቀመጡና አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። በእጅ፣ በባንክ፣ በቴሌብር ስንት አለ? ዱቤ ደብተሩ ላይ ማን ስንት አለበት? እናንተስ ለማን፣ ስንት፣ መቼ? ሦስተኛውን በቀን ቅደም ተከተል ጻፉት። ከላይ የሚቀመጠው ቼክ ነው። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 እስከ እስር የሚያደርስ ነገር ነው፣ እና «ለመተማመኛ ነው የሰጠሁት» በሚለው ክርክር አትተማመኑ። የሰጣችሁት ቼክ ካለና ሒሳቡ ውስጥ ብር እንደማይኖር ካወቃችሁ፣ ቼኩ ባንክ ከመድረሱ በፊት የያዘውን ሰው አግኙት። ከደረሰና ከተመለሰ በኋላ የምታወሩት ሌላ ወሬ ነው።

አሁን ስልኩን አንሱ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ አልፈርድም፣ ከባድ ነው። ግን መርካቶ ውስጥ ወሬ ከእናንተ ስልክ ይፈጥናል። ዕቃ በዱቤ የሚሰጣችሁ ትልቅ ነጋዴ ነገሩን ከጎረቤት ከሰማ የመጀመሪያ ሐሳቡ «ሊጠፋብኝ ነው» ነው። ከእናንተ ከሰማ «ምን እናድርግ» ይላል። እንዲህ በሉት፦

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። ሰምተው ይሆናል፣ ሱቄ ተቃጥሏል። የእርስዎ 380 ሺህ ብር አለብኝ፣ አልካድኩም፣ አልጠፋም። በዚህ ወር 40 ሺህ አመጣለሁ። የቀረውን የመድኑ ነገር ሲታወቅ፣ ወር በገባ በአሥረኛው ቀን ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

እዚህ ውስጥ ያለውን አስተውሉ። ዕዳው በቁጥር ተጠርቷል። ትንሽ ቢሆንም የሚከፈል ነገር አለ። የምትመለሱበት ቀን አለ። ያ ቀን ሲደርስ ብር ባይኖርም ሂዱ፣ ባዶ እጅ መሄድ አለመሄድ ማለት አይደለም። የማትችሉትን ግን ቃል አትግቡ። 40 ሺህ ካላችሁ 40 ሺህ ትገኝ። 100 ብላችሁ 60 ከምታመጡ፣ 40 ብላችሁ 40 ማምጣት ይሻላል።

ከዚያ እቁብ። ዕጣ ወጥቶላችሁ ብሩን ከበላችሁ፣ እናንተ ስትቀሩ የሚጠየቀው ዋሳችሁ ነው። ስለዚህ ከዳኛው በፊት ዋሱን አናግሩት፣ ከዚያ አብራችሁ ወደ ዳኛው ሂዱ። ዕጣው ገና ካልደረሳችሁ ደግሞ ዕድል አለ። አባላቱ ከተስማሙ ለተቸገረ ሰው ተራ መልቀቅ የተለመደ ነው፣ ወይም ቀድሞ ከደረሰው ሰው ላይ ዕጣውን መግዛት ይቻላል። ይህን የሚያገኘው ግን የጠየቀ ነው። እድራችሁንም ጠይቁ። ብዙዎቹ ለለቅሶ ብቻ ቢሆኑም ለእሳትና ለሌላ አደጋ የሚደጉሙ አሉ፣ ደንቡን አስነብቡ።

ቤትን ወደ ኋላ ያስቀመጥኩት ቅደም ተከተሉ ያ ስለሆነ አይደለም። ለባለቤታችሁ የምትነግሩት በመጀመሪያው ሌሊት ነው። ልጆቹን እንዳላሳስብ፣ እሷን እንዳላስጨንቅ፣ እሱ ደም ግፊት አለበት እየተባለ ተደብቆ ከሦስት ወር በኋላ አበዳሪ በር ሲያንኳኳ የሚሰማው ድንጋጤ ይብሳል። ደግሞ የትምህርት ቤት ክፍያውም፣ የቤት ኪራዩም፣ አስቤዛውም የሚቀነሰው አብሮ ነው። ዓረብ አገር ወይም አሜሪካ ያለ ወንድም እህት ካለ፣ ጠቅላላ «ተቸግሬያለሁ» ከማለት ያንን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። ሰው ምን እንደሚሸፍን ሲያይ ለመርዳት ይቀለዋል።

ሠራተኞች ካሏችሁ አታባርሩ፣ ቁጭ ብላችሁ አውሩ። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ሲገጥም ውሉን ለጊዜው ማገድን ይፈቅዳል፣ እስከ 90 ቀን። በራስ ውሳኔ ብቻ ግን አይሆንም፤ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ በጽሑፍ በቶሎ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ግብር ደግሞ የሚረሳ ነገር ነው፣ እናም ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨኝ ይሄ ነው። ሱቅ ተዘጋ ማለት ለገቢዎች ንግዱ ቆመ ማለት አይደለም። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆናችሁ ሽያጭ ባይኖርም ዜሮ ብላችሁ ማሳወቅ አለባችሁ። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ከተቃጠለ ወይም ከጠፋ ወዲያውኑ አሳውቁ። ሥራውን ጨርሳችሁ ልትተዉት ከሆነም ፈቃዱን መልሳችሁ ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ የለባችሁም የሚል ማስረጃ፣ ውሰዱ። ዝም ብለው ሄደው ከዓመታት በኋላ አዲስ ፈቃድ ሊያወጡ ሲመጡ የተቆለለ ቅጣት የጠበቃቸው ሰዎች አሉ። የሒሳብ መዝገብ የምትይዙ ከሆነ ኪሳራችሁን ወደሚቀጥሉት ዓመታት ማሻገር ስለሚቻል ሒሳብ ሠራተኛችሁን ጠይቁት።

ስትመለሱ በትንሹ ተመለሱ። ቶሎ የሚዞር ዕቃ ያዙ፣ ዓመት የሚቀመጠው ይቆይ። ዋጋ ስታወጡ የገዛችሁበትን ሳይሆን ነገ የምትተኩበትን አስቡ፤ ሐምሌ 2016 ላይ ካፒታል የበላው ይህ ነው። መጋዘን ካላችሁ ሁሉንም ዕቃ አንድ ቦታ አታከማቹ፣ ኪራዩ ቢበዛም።

ስለ ራሳችሁም ልበል። ቤት አትዋሉ። ሱቅ ባይኖርም ጠዋት ልበሱና ውጡ፣ ገበያው መሐል ቁሙ፣ ዋጋ ስሙ። ተመሳሳይ ነገር ደርሶበት የተነሳ ሰው ፈልጉና ቡና ጋብዙት። ከሱ የምትሰሙት ብልሃት ብቻ አይደለም፣ ከዚህ የወጣ ሰው መኖሩን በዓይናችሁ ማየቱም ይረዳል። እንቅልፍ ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ምግብ አልወርድ ካለ፣ መኖር ካስጠላችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ይህን ሳታፍሩ አድርጉት።

ምንም ያልደረሰባችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ሱቅ ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ሥራ አለባችሁ። ዱቤ ደብተሩን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱ። ንግድ ፈቃዱን፣ የኪራይ ውሉን፣ የመድን ውሉን፣ የግዢ ደረሰኞቹንም ጨምሩ። ሁሉንም በቴሌግራም ለራሳችሁና ለአንድ የምታምኑት ሰው ላኩ። በየወሩ መጨረሻ ድገሙት።